አምስት ዓረፍተ ነገር ለስድስት ክፍል

«ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑስ ማን ይከፍላል?»

የጠየቀችው የባንኩ የብድር ሠራተኛ ናት። የጠየቀችውም ልጁን ሳይሆን እናቱን ነው፤ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ ዓይኗን ሴትዮዋ ላይ ተክላ። እናት ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን የፕላስቲክ ከረጢት ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከረጢቱ ውስጥ የቤቷ ካርታ አለ። ቤቱን ያቆሙት ከባሏ ጋር ነው፤ እሱ ግንበኛ ነበር፣ እሷ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆማ ሠርታለች። ባሏ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«ባዶ አይሆኑም» አለ ልጇ በእሷ ፈንታ። «ስድስቱም ክፍል ተከራይ አለበት። ዝርዝሩን አያይዣለሁ።»

«አይቼዋለሁ። እኔ የጠየቅሁት እናታችንን ነው።» ወደ እሷ ዞረች። «እናቴ፣ መያዣ የሚሆነው የእርስዎ ቤት ነው። ልጅዎ የሚገዛው ቤት ኪራይ ሳይገባለት ቀርቶ ክፍያው ከተቋረጠ፣ ባንኩ የሚመጣው ወደ እርስዎ በር ነው። ይህን አውቀውት ነው?»

እናት አንገቷን ነቀነቀች። አዎን ማለቷ ይሁን አይደለም ማለቷ እሷም አላወቀችውም።

ካርታው ለግምት ባንኩ ዘንድ ሁለት ሳምንት እንደሚቆይና ውሉ ከዚያ በኋላ እንደሚፈረም ተነገራት። ካርታውን ስታስረክብ ሠራተኛዋ አንድ ወረቀት ወደ እሷ አስጠግታ «ይፈርማሉ ወይስ በጣት?» አለቻት።

እናት ስሟን መጻፍ ትችላለች። ከአምና ጀምሮ የጎልማሶች ትምህርት እየተማረች ነው፤ ስሟን ለመጻፍ የፈጀባት ሁለት ወር ብቻ ነበር። ነገር ግን ስሟን እስክትጽፍ ሠራተኛዋን ማስጠበቅ አልፈለገችምና «በጣት» አለች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈችና ወጣች፤ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ልጇን ሰፈርተኛው «ካልኩሌተር» ይለዋል። የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ይሸጣል፤ ደንበኛው የቆርቆሮውን ብዛት ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ሚስማሩን ጨምሮ ዋጋውን ይነግረዋል። ደምሮ ተሳስቶ አያውቅም። ሚስቱ ግን «ድምሩስ ልክ ነው፤ የሚደመረው ነገር ነው ተፈልጎ የሚጠፋው» ትላለች። ሁለቱ ከአራት ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩት በእናት ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። እናት ጠዋት ጠዋት የምትነቃው የልጅ ልጇ በሩን በእግሯ ስትመታ ነው።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ልጁ ወንበሩ ላይ ወደ እሷ ዞር አለና ማስረዳት ጀመረ።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ በአራት ሺህ፣ ሃያ አራት ሺህ። ለባንኩ በወር የምንከፍለው አሥራ ሰባት ሺህ። ሰባት ሺህ ይተርፋል። ቤቱ ራሱን በራሱ ይገዛል ማለት ነው።»

«ራሱን የሚገዛ ቤት ከሆነ ባለቤቱ ምን አጥቶ ይሸጠዋል?»

«ልጆቹ ጋ ሊሄድ ነዋ።»

«ሰው ቢሄድም የምትታለብ ላም ጥሎ አይሄድም።»

«ጥሎ አይደለም፣ ሸጦ ነው የሚሄደው።»

እናት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። በየደረሱበት ፌርማታ «ለኪራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያለች፤ ያን ቃል አሁን ማንበብ ትችላለች፤ ድሮ ግን ሁሉም ወረቀት አንድ ይመስላት ነበር።

ቤቱን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ያሳያቸው ደላላ አንደበቱ የሚያምር ሰው ነው፤ ምራቷ «አፈ ቅቤ» ብላ ሰይማዋለች። «ጩቤው የት እንዳለ ገና አልታየኝም እንጂ» ትላለች እየሳቀች። ሰውዬው ግቢውን በጥድፊያ አስጎብኝቷቸው ነበር።

«ተከራዮቹን እንዳታናግሩ፣ አደራ» አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤቱ ሊሸጥ ነው ሲባል ተከራይ ይሸበራል። የተሸበረ ተከራይ ይወጣል። ኪሳራው ደግሞ የእናንተ ነው፤ ለእናንተው ብዬ ነው።»

ነገሩ አሳማኝ ነበር። ስለዚህ ያዩት በሮቹን፣ በየመስኮቱ ያለውን መጋረጃና ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ነው። በስተመጨረሻ ባለው ክፍል መስኮት ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ከሱቅ ሲወጣ የታጠፈበት መስመር አልጠፋለትም። እናት ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ያየ ዓይን አላት፤ መስመሩን ወዲያው ለየችው። «ንጹሕ ሰው ነው የሚኖርበት» ብላ አለፈች።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ልጆች ከተለቀቁ በኋላ ነው። አግዳሚዎቹ ለልጅ የተሠሩ ስለሆኑ የጎልማሶቹ ጉልበት ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ከእሷ አጠገብ የሚቀመጠው ሥጋ ሻጭ ነው፤ «እኔ በዚህ አግዳሚ ላይ ከተመረቅሁ ዲፕሎማው ለጉልበቴ ይሰጥልኝ» ይላል። የሳምንቱ ትምህርት «ቤት» የሚል ነበር። መምህሩ የልጇ እኩያ ነው፤ የቤት ሥራውን ሰጣቸው፦ ከማያውቋቸው አምስት ሰዎች፣ ስለሚኖሩበት ቤት፣ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ተቀብለው እንዲጽፉ።

እናት ተጨነቀች። በሰፈሯ የማታውቀው ሰው የለም። የማታውቃቸው ሰዎች በብዛት ያሉበት አንድ ግቢ ትዝ አላት። ደላላው «ገዢ ነን ብላችሁ አታናግሩ» ነው ያለው፤ ተማሪ ሆና እንዳታናግር የከለከላት የለም። እንዲሁ ለራሷ ተከራከረችና ደብተሯን ይዛ ሄደች። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ካርታው ከቤት ከወጣ ጀምሮ እንቅልፏ ተዛብቶ፣ ያንን ግቢ ያለ ደላላ ማየት ፈልጋለች።

መንገድ ዳር ባለው ክፍል አንድ ልብስ ሰፊ የሱሪ እግር እያሳጠረ ነበር።

«እንደምን ዋልክ ልጄ። ተማሪ ነኝ። የቤት ሥራ አለብኝ።»

ልብስ ሰፊው ከመነጽሩ በላይ አያት። «እርስዎ ተማሪ?»

«ምነው፣ ያረጀ አይማርም?»

«ኧረ ይማራል እናቴ። እኔም ገና ልማር ነው። ይቀመጡ።» በርጩማ አቀረበላት። «ምን ልበል?»

«ስለምትኖርበት ቤት አንድ ነገር ንገረኝ፤ እንዳልከው እጽፈዋለሁ።»

«ይህ ቤት ለመንገድ ቅርብ ነው ብለው ይጻፉ።»

እናት መጻፍ ጀመረች። አንዱን ፊደል ጽፋ ታየዋለች፣ እግሩን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። «ይህ» የሚለውን ስትጨርስ ልብስ ሰፊው ስፌቱን አቁሞ እጇን ያይ ነበር። ሥራውን ያቆመ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ዝምታውን ለመሙላት ያወራል። እሷ «ቤት» ላይ ስትደርስ እሱ ስለ ባለቤቱ ማውራት ጀምሯል፤ «ለመንገድ» ላይ ሳለች ደግሞ ስለ ኪራዩ።

«እንዲያውም ያንን ይሰርዙት። እንዲህ ብለው ይጻፉ፤ ወረቀት ላይ አራት ሺህ እከፍላለሁ፣ ባለቤቱ አንዱን ሺህ መልሶ ይሰጠኛል። ይህ ይሻላል፤ እውነትም ነው፣ ያስቃልም።»

«ለምን ይመልስልሃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ። የሚመለስ ገንዘብ ለምን መጣህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ሰርዛ እንደ አዲስ ጻፈችው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት።

ሁለተኛው በር የጡረተኛዋ ነበር፤ አዋላጅ ሆና የኖረች፣ አልጋዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ሬዲዮ የምታዳምጥ ሴት። እናትን እንዳየቻት «እህቴ፣ እጅሽ የሳሙና እጅ ነው» አለቻት፤ ተሳሳቁ። ያቺም እየጠበቀች ተናገረች። ዘጠኝ ዓመት ኖራበታለች። ኪራዩ ሦስት ሺህ ነው፤ ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሰው ቢጠይቃት አራት እንድትል ተነግሯታል። «በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አስጠኑኝ» አለች።

በሦስተኛው በር ሁለት ወንድማማቾች ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ የባለቤቱ የወንድም ልጆች ናቸው። ቤቱ እስኪሸጥ በነጻ እንደሚኖሩ ነገሯት። በአራተኛው፣ ሕፃን ያዘለች ወጣት እናት ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ ክብ በጣቷ አሳየቻት፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል። ሦስት ሺህ ትከፍላለች፤ ጣሪያው ካልተሠራ ግን ሌላ ቤት እንዳገኘች ልትወጣ ነው። አምስተኛው ሾፌር ነው፤ ዕቃውን እየጫነ አገኘችው፤ ኪራዩን በሰዓቱ ሦስት ሺህ ይከፍላል፣ በወር የሚያድረው ግን ሁለት ቀን ነው።

«የመጨረሻው ክፍል ውስጥስ ማን ይኖራል?» አለችው በሩ ተቆልፎ ስታይ።

«እሱ ውስጥ የሚኖረው መጋረጃው ነው» አላት ሾፌሩ፣ መኪናውን አስነሥቶ እየሄደ።

ሳቀች። አልጻፈችውም። የታዘዘችው አምስት ነው፣ አምስቱ ሞልቷል። በመንገድ ላይ የምታስበው ስለ ኪራይ አልነበረም፤ «ባልዲ» በሚለው ቃል የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ ወደየት እንደሚታጠፍ ነበር። ሆስፒታል ሳለችም እንዲሁ ነበረች። አንሶላ በአንሶላ ታጥባለች፣ ነጭ መሆኑን ታያለች፣ ታጥፋለች፤ ማን ተኝቶበት እንደነበር አታስብም። ብታስብ ኖሮ ሃያ ሁለት ዓመት አትቆምም ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹንም እንደ አንሶላ አንድ በአንድ አጠበቻቸውና አጣጥፋ አስቀመጠቻቸው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ተራ በተራ አስነሥቶ አስነበባቸው። ሥጋ ሻጩ አምስቱንም ዓረፍተ ነገር ከደንበኞቹ ሰብስቦ ነበር፤ አራቱ ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ጎድን አጥንት ነበሩ። ክፍሉ ሳቀ። የእናት ተራ ደረሰ። ቆመች፣ ደብተሩን ራቅ አድርጋ ያዘች፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንደኛው። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። አራተኛውን ስታነብ ሥጋ ሻጩ ወደ ደብተሯ ዘንበል አለ። አምስተኛውን ጨረሰችና አልተቀመጠችም።

«ጥሩ ነው» አለ መምህሩ። «በጣም ጥሩ። ሁሉም ከአንድ ግቢ ናቸው?»

«ከአንድ ግቢ ናቸው።»

«እትዬ» አለ ሥጋ ሻጩ፣ «ይህን ቤት የሚገዛ ሰው ካለ ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ግማሹ አይከፍል፣ ግማሹ ሊወጣ።»

«ስድስት በር ነው ያለው» አለች እናት ቀስ ብላ። «ስድስተኛው ተቆልፏል። መጋረጃው አዲስ ነው። እጥፋቱ አልጠፋም።»

«እንግዲያ እዚያ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነዋ።»

እናት ተቀመጠች። ጉልበቷ ጠረጴዛውን መታው፤ አልተሰማትም። እጇ ወደ ደረቷ ሄደ፤ ባዶው ከረጢት እዚያው ነበር።

ያን ምሽት ራት ላይ ደብተሩን ልጇ ፊት አስቀመጠችው። እሱ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ፈገግ አለ።

«ጽሕፈትሽ ተሻሽሏል፣ እማዬ።»

«ጽሕፈቱን ተወው። የሚለውን አንብብ።»

አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ፊቱ እየተለወጠ መጣ፤ የመጀመሪያው ቁጣ ነበር።

«ደላላው አታናግሩ አላለም? ቤቱን ሌላ ሰው ቢወስደውስ? እኔ ስድስት ወር የለፋሁበትን ነገር አንቺ በቤት ሥራ…»

«በቤት ሥራ ምን?» አለች ምራቷ የትንሿን አፍ እየጠረገች። «እሷ ቢያንስ በር አንኳኳች። አንተ የሰማኸው አፈ ቅቤን ብቻ ነው።»

«አንቺ ደግሞ አታባብሺ።»

«አላባብስም። ደምረው ብቻ። ስትደምር አትሳሳትም።»

ደመረው። ልብስ ሰፊው ሦስት፣ ጡረተኛዋ ሦስት፣ ሾፌሩ ሦስት፣ ወጣቷ እናት ካልወጣች ሦስት። አሥራ ሁለት። ወንድማማቾቹ ባዶ፣ መጋረጃው ባዶ። ለባንኩ አሥራ ሰባት። በየወሩ አምስት ሺህ ይጎድላል፣ ወጣቷ ከወጣች ደግሞ ስምንት፤ የእሱ ደመወዝ ዘጠኝ ሺህ ነው። ካልኩሌተር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔ ወረቀቱን አምኜ ነው» አለ።

«እኔ ወረቀት ማመን ገና እየተማርኩ ነው» አለች እናቱ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲሁ ነው ያለችው።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ባንክ ሄዱ። ልጁ ተጨንቆ ስለነበር ገና እንደተቀመጡ ማስረዳት ጀመረ፤ የብድር ሠራተኛዋ ደብተሩን ተቀብላ በቀይ የታረመውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበች። ፈገግ አላለችም።

«ግምት የሚሠሩት ባለሙያዎቻችን ግድግዳውንና መሬቱን ለክተዋል። በር ግን አላንኳኩም» አለች። «እናቴ፣ ያን ጊዜ የጠየቅሁዎትን ያስታውሱታል?»

«ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑ ማን ይከፍላል ብለሽኝ ነበር።»

«አዎን።»

«ሁለቱ አሁንም ከኪራይ ባዶ ናቸው። የምከፍለው እኔ ነበርኩ፣ በቤቴ።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «አልፈርምም፣ ልጄ። ቤት መግዛቱን አልጠላሁም። የሚገዛው ግን እሱ ይክፈል። ባዶ ክፍል ካለውም ገብቶ ይኑርበት።»

ልጁ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

የብድር ሠራተኛዋ ወረቀት አወጣችና ለእሱ በቀላሉ አስረዳችው። የኪራይ ቤት ዋጋ የሚለካው እውነተኛው ኪራይ በሚሸከመው ልክ ነው። ዋጋው በሩብ ከወረደ፣ ያጠራቀሙትን ሁሉ ቅድሚያ ከከፈሉ፣ ብድሩ ያንሳል፤ መያዣ የሚሆነውም የሚገዛው ቤት ራሱ ይሆናል፣ የእናቱ ቤት አያስፈልግም። «እንደዚያ ከሆነ በወር አሥራ ሦስት ሺህ አካባቢ ነው። ጣሪያውን አይርሱ» አለችው።

ካርታው ተመልሶ መጣ። «መረከብዎን ይፈርሙልኝ» አለች ሠራተኛዋ፤ የቀለሙን ሳጥን ልታቀርብ እጇን ስትዘረጋ እናት እስክሪብቶውን አነሣች። ከኋላቸው ወረፋ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ አልቸኮለችም። ስሟን ጨርሳ፣ የመጨረሻውን ፊደል እግር አስተካክላ፣ ካርታውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።

ደላላው የተቀነሰውን ዋጋ ሲሰማ ሳቀ። «በዚህ ዋጋ በሩን ብቻ ነው የሚገዙት» አለ። ልጁ «ስድስተኛውን በር ከነመጋረጃው?» ብሎ ሲመልስለት ሳቁን አቆመ። ሁለት ወር ስልክ አልደወለም። በሦስተኛው ወር ደወለ፤ ሌሎች ሁለት ገዢዎች መጥተው፣ እነሱም በር አንኳኩተው ሄደዋል። ባለቤቱ የሚሄድበት ቀን ደርሶ ነበር። ቤቱ በተባለው ዋጋ ለልጇ ተሸጠ።

ውሉ በተፈረመ በሳምንቱ ምራቷ ዕቃ ስትሸክፍ እናት ከበሩ ቆማ አየቻት።

«የት ነው?»

ምራቷ ባሏን ተመለከተች፤ እሱ ጣሪያውን።

«ሁለት ክፍል ባዶ ነው፣ እማዬ» አለ። «ጣሪያውን በየእሑዱ ራሴ ነው የምሠራው። ወንድማማቾቹ የኖሩበት ክፍል ግድግዳው መለሰን አለበት፤ የመጋረጃው ክፍል ግን ደረቅ ነው። ተከራዮቹ እንዳይወጡ ጥገናውን እዚያው ኖረን ካልያዝነው አይሆንም።» ወደ እሷ ዞሮም «አንቺው ነሽ ገብቶ ይኑርበት ያልሽው» አላት።

ብላለች። ሰው ፊት ነው ያለችው፤ መካድ አይቻልም። የልጅ ልጇን ልብስ ከገመድ አውርዳ አጣጠፈችላቸው፤ ትንሿን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ፈታ እንደገና አጠፈቻት።

ከተከራዮቹ ልብስ ሰፊውና ጡረተኛዋ ቀሩ፤ አሁን የሚከፍሉት ሦስት ሺህ ነው፣ ወረቀቱም ላይ የሚጻፈው ሦስት ሺህ ነው። ሾፌሩ ቀረ፣ በወር ለሁለት ቀን። ወጣቷ እናት ጣሪያው ሲሠራ አይታ ሐሳቧን ለወጠች፤ ቀረች። ወንድማማቾቹ ቁልፉን ሳይመልሱ ወጡ፤ ክፍላቸው አራት ወር ሰው አላገኘም፣ በእነዚያ ወራት የጎደለውን ልጇ ከደመወዙ ከፈለ። መጋረጃው በነበረበት ክፍል ልጇ፣ ምራቷና የልጅ ልጇ ገቡ። የጓሮዋ ክፍል ባዶዋን ናት። እናት በቤቷ ቀረች።